የለቃሚዎቹ መሐላ

አውቶቡሱ ከደራ ወጥቶ ብዙም ሳይሄድ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ሳይቆጣ ሳይደነግጥ ዳር አስያዘው። መንገደኛውም ለምዶታል፤ ወርዶ ግራር ጥላ ሥር ተቀመጠ። በላይነሽም ዘንቢሏን ይዛ ወረደች። የሚያስቸኩላት ነገር አልነበረም። የሄደችበትን ጨርሳ መመለሷ ነው።

በላይነሽ ናዝሬት ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን የቦሎቄ ለቃሚዎች ካቦ ናት። ነጩ ቦሎቄ ከአርሲም ከዝዋይ በኩልም እየተጫነ ይመጣል። ሴቶቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ጠቋራውን፣ ስባሪውን፣ ጠጠሩን ይለቅማሉ። ንጹሑ በመርከብ ውጭ አገር ይሄዳል። ክፍያው በጆንያ ነው፤ ያልለቀመች አትበላም። ስለዚህ ለቃሚዎቹ ማንም ያላወጣላቸው አንድ ደንብ አላቸው። አንዷ ስትወልድ ሌሎቹ ከየለቀሙት እፍኝ እፍኝ እያነሡ የሷን ጆንያ ይሞሉላታል። የአራስ እፍኝ ይሉታል። ካቦዋ አይታ እንዳላየች ትሆናለች፤ ሚዛን ያዡም እንደዚያው።

ዘንድሮ አራሷ ዲንቄ ናት። የበኩር ልጇን ልትወልድ ደራ እናቷ ቤት ገብታለች። በላይነሽ የሄደችው የእፍኙን ድርሻ ልታደርስላትና ልታስምላት ነበር።

መሐላው እንዲህ መጣ። መጋዘኑ መኪና ሊያስገባ ነው ተባለ፤ ቦሎቄ የሚለቅም፣ ዐይን ያለው መኪና። ወሬ ብቻ አልነበረም፤ በትልልቅ ሣጥን ታሽጎ ጓሮ ተቀምጧል። ጓድ ሥራ አስኪያጁ ሴቶቹን ሰብስበው፣ ከመኪናው ጋር ለመሥራት መሠልጠን የሚፈልግ ይመዝገብ ብለው ተናገሩ። ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ ያኔ ለሁሉም ነገር ይጨበጨብ ነበር። ከአዳራሹ ሲወጡ ግን በላይነሽን ከበቧት። እሷም አስማለቻቸው። ክርስቲያኗ በሚካኤል፣ ሙስሊሟ በአላህ፦ አንዲትም ሴት ለሥልጠናው አትመዘገብም። የሚያሠራው ሰው ካጣ መኪናው ከሣጥኑ አይወጣም ብላ ነው።

ዲንቄም ልጇን እንዳቀፈች ማለች። የጠየቀችው ከማለች በኋላ ነው።

"እትዬ፣ ስነሣ ቦታዬ አለ አይደል?"

"እኔ እያለሁ?" አለቻት በላይነሽ። ሌላ ዋስ አልሰጠቻትም፤ ዲንቄም አልጠየቀቻት።

እንግዲህ ግራሩ ሥር የተቀመጠችው ይህን ሁሉ አስተካክላ ነው። ልቧ ሞልቷል። ሰው ደግሞ ልቡ ሲሞላ ነው የሚያፈርስበት ሰው የሚገጥመው።

"አዴ በላይነሽ፣ አላወቁኝም?"

ቀና ብላ አየች። ሱሪ የለበሰች፣ ፀጉሯን ያሳጠረች ወጣት ናት።

"ኢፍቱ ነኝ። የቦሎቄዋ ኢፍቱ።"

አወቀቻት። የኢፍቱ እናት ለቃሚ ነበረች፤ ልጅቷም ዳዴ ያለችው እዚያው ጆንያ ላይ ነው። ተሳሳሙ። በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ እስኪጨርሱ ደህንነት ተጠያየቁ። እናትየው ካረፈች ቆይታለች፤ የገደላት የመጋዘኑ አቧራ የበላው ደረቷ ነው። ከዚያ በላይነሽ ስለ ኑሮዋ ጠየቀቻት። ልጅቷ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሳለች፤ ምሥራቅ ጀርመንም ተልካ ተምራ መጥታለች። አሁን አሰላ ዘመድ ጠይቃ፣ ሥራ ልትጀምር ወደ ናዝሬት መግባቷ ነው።

"የት ነው ሥራው?"

"እናንተው ጋ። መኪናውን የምተክለው እኔ ነኝ።"

በላይነሽ ዘንቢሏን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው፤ ልጅቷ የምትወስድባት ይመስል።

"የኛው ልጅ," አለች። "ከጠፋ ሰው አንቺ?"

"ሌላ ሰው ቢተክለው ይሻል ነበር?"

"በጣም። ሌላ ሰው ቢሆን እረግመው ነበር።"

አጠገባቸው የተቀመጡ ሽማግሌ ሳቁ። መሐመድዘይን ይባላሉ፤ ሞጆ ልብስ ሰፊ ናቸው። ጨርቅ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። "ይርገሟት እንጂ እትዬ," አሉ። "ጎማው እስኪቀየር ጊዜ አለ።"

በላይነሽ ግን እርግማኑን ትታ ክሷን ጀመረች። መጋዘኑ ሙሉ ሴት ነው አለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ባሏ ሰሜን የዘመተባት፣ ከገጠር በባዶ እጇ የመጣች። ሌላ ሙያ የላቸውም። መኪና አይርበው፣ አይጠማው፣ ልጅ የለው፤ የማይበላ ነገር የሚበላውን ሰው እያስነሣ ቦታውን መያዙ በማን አገር ያየሽው ፍርድ ነው ስትል ጠየቀቻት። ደግሞስ ዐይን አለው ይሉታል፤ የማያፍር ዐይን ምን ዐይን ይባላል?

ኢፍቱ መኪናው እንዴት እንደሚሠራ አስረዳቻት። ቦሎቄው ከላይ አንድ በአንድ ይወርዳል፤ መብራት ያርፍበታል፤ ጠቋራው ሲመጣ መኪናው በአየር እፍ ብሎ ከመንገድ ያስወጣዋል።

"እፍ ይላል?" በላይነሽ ሳትወድ ሳቀች።

"እንደ ትኩስ ሻይ።"

"አይሳሳትም?"

"ይሳሳታል። ነጭ ጠጠር ከመጣበት ቦሎቄ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። መጨረሻ ላይ የሚያይለት ሰው ይፈልጋል።"

በላይነሽ ይህን በልቧ ያዘችውና የቆጠበችውን ጥያቄ አወጣች።

"እሺ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። መኪናሽ ለአራስ እፍኝ ያነሣል?"

"አያነሣም።"

የተማረ ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ኢፍቱ አልሄደችም፤ በላይነሽም ይህን ልብ አለች። ልጅቷ ግን ገና አልጨረሰችም ነበር።

"እኔን ያሳደገኝ እሱ እፍኝ ነው፣ አዴ። አልንቀውም። ግን እናቴ ወገቧ ሳይጠና፣ እኔን አዝላ አቧራው ውስጥ የተመለሰችው ለምን ነበር?"

በላይነሽ መልሱን ታውቀዋለች። ለቃሚ ሁሉ ያውቀዋል፤ ተናግራው የምታውቅ ግን የለችም። እፍኙ በመጀመሪያው ሰሞን ይሞላል፤ እየቆየ ሲሄድ በጣት ጫፍ ይሆናል። ከክፋት አይደለም።

"እፍኝ ይሳሳል," አለች። "የሰጪዋስ ጆንያ መሙላት የለበትም?"

"አለበት። የተራበች ለተራበች ነው የምትሰጠው፤ ስንት ቀን ትሰጣለች? ቋሚ ሠራተኛ ስትወልድ ግን ሕጉ ደመወዟን እየከፈለ ያሳርፋታል። እናንተ በጆንያ ስለምትከፈሉ ቋሚ አይደላችሁም። መኪናው ላይ የምትሠራዋን በጆንያ ሊከፍሏት አይችሉም፤ የቱ የማን ልቃሚ እንደሆነ አይታወቅማ። በወር ነው የሚከፈላት። ቋሚ ናት።"

በላይነሽ ሕጉን ሰምታዋለች። የቢሮ ሴቶች ሲወልዱ እቤታቸው እንደሚከርሙም አይታለች። የነሱ ዕድል ነው ብላ ታልፈው ነበር እንጂ ከቦሎቄ ጋር አገናኝታው አታውቅም።

"ስንቶቻችን ነን መኪናው ላይ የምንሠራው?"

"ግማሻችሁም አትሞሉም።"

"ሌሎቻችንስ?"

"መኪናው ቶሎ ስለሚጨርስ ብዙ እህል ይገባል። ጆንያ መስፋት አለ፣ መጀመሪያ የሚያበጥር አለ፣ መጨረሻ የሚያይ አለ። ለሁሉም ይበቃል ብዬ ግን አልዋሽዎትም። አይበቃም።"

በላይነሽ ወደ ሰፊው ዞረች። ሲስቁ የቆዩት እሳቸው ናቸውና እሳቸውም ይጠየቁ። "እርስዎስ፣ የስፌት መኪና አገር ሲገባ የእጅ ሰፊዎቹ የት ገቡ?"

መሐመድዘይን ሳቃቸውን ሰበሰቡ።

"አንዱ አባቴ ነበሩ። የሸይጣን ነው ብለው እምቢ አሉት። ታናሽ ወንድማቸው ገዛ። አባቴ ወንድማቸው ለሚሰፋው ኮት ቁልፍ እየተከሉ ሞቱ።"

ከአውቶቡሱ በኩል ብሎን የሚፈታ ሰው ሲያቃስት ይሰማል።

"እንግዲያው መሐላችን ልክ ነው," አለች በላይነሽ ቆይታ። "መጀመሪያውኑ እንዳይገባ ነው የማልነው። ከኛ አንዲትም ሴት አትመዘገብም።"

"ሰምቻለሁ። ቢሮም ሰምተዋል።"

"ይስሙት።"

"ደስ ብሏቸዋል፣ አዴ።"

በላይነሽ ይህን አልጠበቀችም። ይቆጣሉ፣ ይለምኑናል፣ ወይ ካድሬ ይልኩብናል ብላ ነበር። ደስ ይላቸዋል አላለችም።

ኢፍቱ ነገሩን ዘረጋችላት። ደንቡ ቅድሚያ ለውስጥ ሠራተኛ ይላል። የውስጥ ሠራተኛ ካልፈለገ ከውጭ ይቀጠራል። ያልተመዘገበ አልፈለገም ተብሎ ይያዛል። ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። ከውጭ የሚገቡት ደግሞ ከወዲሁ ታጭተዋል፤ የአንዱ እህት፣ የሌላው የሚስት ወንድም። ልጅቷ አሰላ ከመሄዷ በፊት ሣጥኖቹን ልታይ ቢሮ በገባች ጊዜ "ሴቶቹ ራሳቸው ገላገሉን" ሲባባሉ በጆሮዋ ሰምታለች። መኪናውን መትከል ደግሞ የሷ ሥራ ነው፤ ሴቶቹ ማሉም አልማሉም ክረምቱ ሲወጣ ሥራ ይጀምራል።

በር እንዳይከፈት ከውጭ ሆኖ የዘጋ ሰው፣ ደጅ መቅረቱን የሚያውቀው ሲበርደው ነው። በላይነሽ በዚያ ሙቀት ተቀምጣ በረዳት። የታያት ቢሮው አልነበረም፤ ዲንቄ ናት። እኔ እያለሁ ብላት መጣች። አሁን ቦታዋን የሚያሳጣት ያ መሐላ ራሱ ነው።

"መሐላ ነው፣ ልጄ," አለች። "ነጠላ አይደለም ጥዬው የምሄድ።"

"የማላችሁት ቦታችሁን ላለማጣት ነው። መሐላው ራሱ ቦታችሁን ካሳጣችሁ…"

"አትጨርሺው።"

ኢፍቱም አልጨረሰችውም። ጥሩ ጠባይ ነው፤ ክርክር ያሸነፈ ሰው ብዙ ጊዜ ዝም ማለት ያቅተዋል።

ከዚያ በኋላ በላይነሽ የጠየቀችው እንደ ከሳሽ ሳይሆን ገበያ እንደወጣች ሴት ነው፤ ዕቃውን እያገላበጠች። ፊደል ያልቆጠሩትስ? ኢፍቱ፣ መሠረተ ትምህርት የጨረሰች ይበቃታል አለቻት፤ ያልጨረሰችም ቁጥርና የመብራት ቀለም ከለየች ትማረዋለች። አሮጊቶቹስ? ለማየት ቁጭ የሚባልበት ቦታ አለ። አቧራውስ?

"በቧንቧ ተስቦ ይወጣል," አለች ኢፍቱ። ዐይኗን ወደ መንገዱ አዞረች። "እኔ ይህን ሙያ የመረጥኩት ለሱ ነው።"

በላይነሽ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈችላትና ወዲያው አነሣችው። ቀጥላም ቦታ የማይደርሳቸው ሴቶች ባዶ እጃቸውን እንዳይሄዱ ቃል ግቢልኝ አለቻት።

"እኔ መኪና ተካይ ነኝ፤ ቃል ብሰጥዎት ውሸት ነው። ግን ሠራተኛ ማኅበሩ ፊት ማን ያንሣው? ከውጭ ሆነው ሲናገሩት ልመና ነው። ቋሚ ሆነው ሲናገሩት ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የተወሰናችሁ ግቡ፤ ከዚያ የቀሩትን ጉዳይ የሚያነሣላቸው ሰው ይኖራል።"

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። መሐመድዘይን ጨርቃቸውን አንሥተው ሲነሡ፣ "እትዬ፣ ሳይረግሟት ጎማው ተቀየረ," አሉ። በላይነሽ እስከ ናዝሬት ድረስ ከኢፍቱ ጎን ተቀምጣ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምዝገባው ስንት ሰዓት ይከፈታል?

ሰኞ ጠዋት የመጋዘኑ በር ሳይከፈት ሴቶቹን ሰበሰበቻቸውና ሁሉንም ነገረቻቸው። አላሳመረችውም። ግማሾቻችን እንቀራለን አለች። ደንቡን፣ የታጩትን ዘመዶች፣ የአራሷን ደመወዝ፣ አቧራውን፣ ሁሉንም በሰማችበት ቅደም ተከተል ነገረቻቸው። ስትጨርስ መሐላው መፍረስ አለበት አለች።

ጉምጉምታው እንደ ንብ ቀፎ ነበር። አንዷ ቢሮ ገዝቷታል አለች። ሌላዋ የአራስ ገንፎ ነው ያዞራት አለች፤ ሳቁባት። ቡዜ ግን አልሳቀችም። ቡዜ ከበላይነሽ ቀጥላ የምትደመጥ ለቃሚ ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ተጠራጣሪ ናት።

"አንቺው አስምለሽን፣ አንቺው ታፈርሺዋለሽ?" አለች። "ነገስ ምን ትይናለሽ?"

"ነገ የምለውን አላውቅም። ያስማልኳችሁ ሳላውቅ ነው። አሁን አውቄ ዝም ብል ነው የምትጠሉኝ።"

"እግዜርስ? አላህስ?"

"እስቲ አንቺ ንገሪኝ። የሰው እንጀራ የሚያስዘጋ መሐላ የሚወድ አምላክ አለ?"

ቡዜ አሰበች። "ለኛ ለሙስሊሞቹ ጾም ነው," አለች በመጨረሻ። "መሐላ ያፈረሰ ድሀ ያበላል፤ ማብላት ያልቻለ ይጾማል። ጾሙ አይቸግረንም፤ ለምደነዋል።"

"የኛን እኔ እይዘዋለሁ," አለች በላይነሽ። "ያስማልኩ እኔ፣ ለንስሐ አባቴ የምነግርም እኔ። ስግደት ቢያዙብኝ እሰግዳለሁ። ከቦሎቄ ክምር የበለጠ ወገብ አይቆርጥም።"

ይህን ብላ ጀርባዋን ሰጥታቸው ወደ ምዝገባው መስኮት ሄደች። ማን እንደተከተላት አላየችም። የሚመራ ሰው ዞሮ ካየ ያልተከተሉትን ይቆጥራል፤ እሷ መቁጠር አልፈለገችም።

መስኮቱ ላይ ንዋይ የሚባል ጸሐፊ ተቀምጧል። ሲያያት ብዕሩን አስቀመጠ፤ ኋላም አነሣው።

"ስም?"

"ዲንቄ ወዬሳ።"

"እትዬ በላይነሽ፣ የራስዎን ነው።"

"የኔ ይደርሳል። ዲንቄ ወዬሳ በል።"

"የታለች?"

"አራስ ናት።"

ንዋይ በአካል ያልቀረበ እንደማይመዘገብ፣ ይህም የሱ ሕግ ሳይሆን የበላይ መመሪያ እንደሆነ በትሕትና አስረዳት። ልጁ ትሑት ነው፤ መመሪያ የያዘ ሰው ትሕትና አያስቸግረውም። በላይነሽም በትሕትና መለሰችለት።

"እንግዲያው እስክትነሣ እንጠብቃታለን።"

ከመስኮቱ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከኋላዋ ቡዜ ተቀመጠች። ከቡዜ ኋላ ሌሎቹ ተቀመጡ። ማንም አልጮኸ፣ ማንም መፈክር አላነሣ። መሬት ላይ መቀመጥ ሥራቸው ነው፤ ውለው ቢያድሩም አይደክማቸውም። ሰልፉ ሚዛኑን አልፎ በሩን ዘጋ። ቦሎቄ የጫነ መኪና ውጭ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል።

ንዋይ ወደ ውስጥ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ወጥተው አዩ፤ ምን ነካችሁ አሉ። ቡዜ፣ "ጓድ፣ ሥልጠናውን ወደድነው," አለቻቸው። ኢፍቱም ከጓሮ መጣች፤ መኪናውን መትከል ጊዜ ይወስዳል፣ አራሷ እስከዚያ ትነሣለች፣ ሥራው የሚጎድልበት ነገር የለም አለች። ሥራ አስኪያጁ የታጩት ዘመዶች ትዝ ብሏቸው ይሆናል፤ ውጭ የቆመውን መኪና ግን ያኔውኑ ይሰሙታል። ይጻፍ አሉና ገቡ።

ዲንቄ ወዬሳ ተጻፈች። በላይነሽ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና የራሷን ስም ሰጠች።

መኪናው ክረምቱ ሲወጣ ተተከለ። ሁሉም ሴት አልገባም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ከቀሩት አንዳንዶቹ ወንጂ ወርደዋል፣ አንዳንዶቹ ጉልት ይዘዋል። ሠራተኛ ማኅበሩ ውስጥ አዲሶቹ ቋሚዎች እየተነሡ ስለነሱ ስለነዘነዙ፣ ስባሪው ቦሎቄ በርካሽ እየተሸጠላቸው ክክ ከክተው መነገድ የጀመሩም አሉ። የቀናቸው ቀናቸው፣ ያልቀናቸው አልቀናቸውም። በመሐላው ቢጸኑ ኖሮ ግን ሁሉም አንድ ላይ ይቀሩ ነበር፤ የሚነዘንዝላቸው ሰውም አይኖርም ነበር።

የገቡት የወር ደመወዝ ያገኛሉ። ነጠላ አፋቸው ላይ ሳያስሩ ይሠራሉ፤ ሳል ቀንሷል። ፊደል ያልጨረሱት ጨርሰዋል፤ መብራቱን ከማየት ጽሑፉን ማንበብ እንደሚቀል ያዩት ራሳቸው ናቸው። ቡዜ መጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ መኪናው ያሳለፈውን ነጭ ጠጠር ትይዛለች፤ በያዘች ቁጥር ለኢፍቱ ወስዳ ታሳያታለች። ዲንቄ ሁለተኛዋን ስትወልድ ደመወዟ እየተከፈላት ተኝታ አረፈች። ካቦ የሚባል ነገር ቀረ፤ በላይነሽ እንደማንኛዋም ሴት በፈረቃ ትገባለች። ይከፋሻል ወይ ቢሏት ወገቤ መልሱን ያውቃል ትላለች።

ከዓመታት በኋላ ጓሮ ሌላ ሣጥን ወረደ። ጆንያ የሚሰፋ መኪና ነው ተባለ። ሚስማሩ ገና ሳይነቀል ሴቶቹ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ላይ ቆመዋል። ሰውየው ደንግጠው ምን ሆናችሁ ቢሉ፣ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

"ሥልጠናው መቼ ይጀመራል?"